ምዕራፍ 6፦ የዞረው ካሬ

በመዲና የታተመውን ቁርኣን ከፍተው ገጽ በገጽ ቢከታተሉ፣ በየሁለት ገጽ ተኩል ገደማ አንድ ትንሽ ምልክት ያገኛሉ። ሁለት እኩል ካሬዎች ተደራርበው፣ አንዱ በሌላው ላይ ዞሮ፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ሠርተዋል። ቁርኣን በቃሉ የሚይዝ ተማሪ ምልክቱን ያውቀዋል፤ የዕለት ድርሻውን ይለካበታል። ይኸው ቅርጽ በሞሮኮ በፋስ ከተማ በመድረሳ ግድግዳዎች ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ይታያል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢራን ካሻን የተሠሩ ሸክላዎች የእርሱን መልክ ይዘው ተቀርጸዋል። በስፔን፣ በታላቁ የኮርዶባ መስጊድ ጉልላት ውስጥ የተሻገሩት ቅስቶች እርሱን ይሠራሉ። በማሌዥያ ዋና ከተማ የቆሙት መንትያ ፎቆችም የወለል ንድፋቸው ከእርሱ ይነሣል።

መጽሐፍ፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ፎቅ። በእነዚህ ሥራዎች መካከል ከሺህ ዓመት በላይ ጊዜና የብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ታዲያ አንድ ቅርጽ ይህን ሁሉ እንዴት አዳረሰው?

የዚህ ምዕራፍ መልስ አጭር ነው። ባለ ስምንት ጫፉ ኮከብ ካሬ ሲዞር የሚወለድ ቅርጽ ነው። ገመድና ቀጥ ያለ እንጨት ያለው ሰው ሁሉ፣ በየትኛውም አገርና በየትኛውም ቁስ ላይ፣ ከማንም ሳይቀዳ እንደ አዲስ ሊወልደው ይችላል። በመጀመሪያ ለእጅ ሥራ ተመቸ፤ ምልክትነቱ በዚያ ላይ አደገ።

ይህን ለማየት ካለፉት ምዕራፎች ሦስት ነገሮችን ይዘን እንነሣ። በምዕራፍ 2 ችካል ተክለን፣ ገመድ ወጥረን ክብ ሠርተናል። በምዕራፍ 4 የካሬ ሰያፍ መስመር በማስመሪያ ቁጥር ለምን በትክክል እንደማይገለጽ ተመልክተናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ የትኞቹ ቅርጾች ወለልን ክፍተት ሳይተዉ እንደሚሸፍኑ መርምረናል። ሦስቱም እዚህ ይገናኛሉ።

አራት እንግዶች፣ ከዚያም አራት

አራት ሰዎች በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠዋል እንበል። በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው፤ መሶቡ መካከል ያለው ወጥም ለሁሉም እኩል ይቀርባል። በዚህ መሐል ሌሎች አራት እንግዶች ይመጣሉ። የቤቱ እመቤት የተቀመጠውን ሳታስነሣ፣ ማንንም ሳታጣብብ ልታስተናግዳቸው ትፈልጋለች። የት ታስቀምጣቸው? እያንዳንዱን አዲስ እንግዳ በሁለት ሰዎች መካከል፣ ልክ አጋማሹ ላይ ታስቀምጠዋለች።

አሁን ማዕዱን ከላይ ቁልቁል እንመልከተው። ቀድመው የነበሩትን አራቱን በመስመር ብናያይዛቸው አንድ ካሬ ይወጣል። ኋላ የመጡትን አራቱን ብናያይዛቸው ሌላ ካሬ ይወጣል። ሁለቱ ካሬዎች በመጠን እኩል ናቸው፤ መካከላቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት አንዱ ከሌላው ዞሮ በመቀመጡ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው ባለ ስምንት ጫፉን ኮከብ እናያለን።

ምን ያህል ዞረ? ካሬ ሩብ ዙር፣ ማለትም 90 ዲግሪ ሲዞር፣ ተመልሶ ራሱ ላይ ስለሚገጥም መዞሩ እንኳ አይታወቅም። 20 ዲግሪ ብቻ ብናዞረው አዲሶቹ እንግዶች አንዱን ጎረቤታቸውን ተጠግተው ከሌላው ይርቃሉ። ሁሉም እኩል የሚሆኑት በ45 ዲግሪ ብቻ ነው። 45 ዲግሪ ካሬ ከራሱ ሊርቅ የሚችልበት የመጨረሻ ቦታ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወደ ራሱ መመለስ ይጀምራል።

ይህን ቅርጽ ስናይ የሚሰማን እርጋታ ከዚህ ይመነጫል። ከስምንቱ ጫፎች የሚበልጥም የሚያንስም የለም። ሁሉም ከመካከሉ እኩል ይርቃሉ፤ ሁሉም ከጎረቤቶቻቸው እኩል ይርቃሉ። ዓይን በየትኛውም ጫፍ ጀምሮ ቢዞር የሚያገኘው ሥርዓት አንድ ነው።

ገመድ፣ ኮምፓስና ማስመሪያ

አንባቢ ሆይ፣ ወረቀት፣ ኮምፓስና ማስመሪያ ካለህ አብረን እንሥራው። ማስመሪያው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ግን አንፈልጋቸውም፤ ቀጥ ማለቱ ብቻ ይበቃናል።

መጀመሪያ ክብ ሥራ። በመካከሉ አንድ መስመር አሳልፍ። ኮምፓሱን ከክቡ ራዲየስ በለጥ አድርገህ ክፈትና መስመሩ ክቡን በነካባቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ተራ በተራ ተክለህ ቅስት አውጣ። ቅስቶቹ የሚቆራረጡባቸውን ሁለት ቦታዎች ብታገናኝ ከመጀመሪያው መስመር ጋር በትክክል የሚሰቀል ሁለተኛ መስመር ታገኛለህ። አሁን በክቡ ላይ አራት ነጥቦች አሉህ። በየሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ክፍተት በዚሁ ዘዴ ለሁለት ክፈል፤ ስምንት ይሆናሉ። ከ1 እስከ 8 ቁጥር ስጣቸው። ከዚያ 1ን ከ3፣ 3ን ከ5፣ 5ን ከ7፣ 7ን መልሰህ ከ1 ጋር አገናኝ። 2ን፣ 4ን፣ 6ንና 8ንም እንዲሁ። ኮከቡ ተወለደ።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። በየሁለት ነጥብ መዝለልን ትተን በየሦስት ብንዘልል፣ ማለትም ከ1 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 7 እያልን ብንቀጥል፣ እርሳሳችንን ሳናነሣ ሌላ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ እንጨርሳለን። የዚያኛው ጫፎች 45 ዲግሪ ብቻ የሆኑ፣ እንደ እሾህ የሾሉ ናቸው። የእኛ ኮከብ ጫፎች ግን የካሬው ማዕዘኖች ራሳቸው ስለሆኑ እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ ናቸው። ይህች 90 ዲግሪ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ጥቂት ቆይተን ግድግዳ መሙላት ስንጀምር ዋጋዋ ይታያል።

የእያንዳንዱ ካሬ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሌላው ካሬ ሲያቋርጠው በሦስት ይከፈላል፦ 2.9፣ 4.1፣ 2.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ገደማ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። መካከለኛው ክፍል ከጫፉ ክፍል ጋር ያለው ዝምድና የካሬ ሰያፍ ከጎኑ ጋር ያለው ዝምድና ነው። ምዕራፍ 4 ላይ እንዳየነው ይህ ቁጥር ከነጥብ በኋላ ማለቂያ የለውም። በቁጥር ለመለካት የሞከረ ሰው ሁልጊዜ ትንሽ ይሳሳታል። ገመዱና ኮምፓሱ ግን አንድም ቁጥር ሳይጠሩ ልኩን ይሰጣሉ። ቁጥር የማያውቅ ባለሙያ ከሒሳብ ሊቅ እኩል በትክክል ሊሠራው ይችል ነበር ማለት ነው።

ሊቆችና ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ ይነጋገሩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ940 በኾራሳን የተወለደውና በባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አቡ አል-ወፋእ አል-ቡዝጃኒ፣ ለእጅ ባለሙያዎች ስለሚያስፈልገው ጂኦሜትሪ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በክብ ውስጥ እኩል ጎን ያላቸውን ቅርጾች በኮምፓስና በማስመሪያ እንዴት ማውጣት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያስተምራል። ሊቆችና ባለሙያዎች ተሰብስበው በተከራከሩበት ጉባኤ መገኘቱንም በዚሁ መጽሐፍ ይተርካል። ጥያቄው ሦስት እኩል ካሬዎችን ቆራርጦ አንድ ትልቅ ካሬ መሥራት ነበር። ባለሙያዎቹ ያቀረቡት መንገድ ለዓይን ልክ ቢመስልም ሲረጋገጥ የማይገጥም ሆኖ አገኘው። ሊቆቹ ደግሞ ማረጋገጫውን ቢያውቁም መቁረጥና መገጣጠም ይቸግራቸው ነበር። አቡ አል-ወፋእ ለሁለቱም የሚሆን መንገድ አሳየ። ኮከባችን ያደገው እንዲህ ባለ ቦታ፣ የሚያስበው አእምሮና የሚሠራው እጅ በተገናኙበት ነው።

ግድግዳውን መሙላት

በምዕራፍ 5 ላይ ጎናቸውም ማዕዘናቸውም እኩል ከሆኑ ቅርጾች ብቻቸውን ወለል መሸፈን የሚችሉት ሦስት ማዕዘን፣ ካሬና ባለ ስድስት ጎን እንደሆኑ አይተናል። ኮከባችን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ኮከቦችን ጫፍ ለጫፍ አስነክተን በረድፍ ብንደረድራቸው በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል።

ክፍተቱን ግን ልብ ብለን እንየው። በአራት ኮከቦች መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ራሱ መልክ አለው፦ አራት ክንዶች ያሉት፣ የክንዶቹ ጫፍ የሾለ መስቀል ነው። መስቀል ስንል ቅርጹን ብቻ ማለታችን ነው። ሁለት ኮከቦች በሚነካኩበት ነጥብ ላይ ሁለት የኮከብ ጫፎችና ሁለት የመስቀል ጫፎች ይገናኛሉ። እያንዳንዱ 90 ዲግሪ ነው፤ አራቱ ሲደመሩ 360፣ ማለትም ሙሉ ዙር ይሆናሉ። ቅድም ያቆየናት 90 ዲግሪ ዋጋዋ ይህ ነው፤ የኮከቡ ጫፍ የካሬ ማዕዘን ባይሆን ኖሮ መስቀሉ እንዲህ አይገጥምም ነበር። በዚህ አደራደር ከግድግዳው ስፋት 59 በመቶ ገደማውን ኮከቦቹ፣ 41 በመቶ ገደማውን መስቀሎቹ ይይዙታል። ባዶ የሚባል ቦታ የለም።

የኢራኗ ካሻን ከተማ ሸክላ ሠሪዎች በዚህ ጥንድ ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። ከቴህራን በስተ ደቡብ በምትገኘው ቫራሚን፣ ኢማምዛዴ ያህያ የሚባለው መቃብር ግድግዳ እ.ኤ.አ. በ1262 እና 1263 በተሠሩ የኮከብና የመስቀል ሸክላዎች ተሸፍኖ ነበር። ሸክላዎቹ እንደ ወርቅ ያብረቀርቃሉ፤ ወርቅ ግን የለባቸውም። ሠሪው አንዴ የተተኮሰውን ነጭ ሸክላ ብርና መዳብ ባለበት ቀለም ይሥልበታል። ከዚያ አየር እንዳይገባ በታፈነና ጭስ በሞላ እቶን ውስጥ ዳግመኛ ይተኩሰዋል። ጭሱ ብሩንና መዳቡን በሸክላው ፊት ላይ እጅግ ስስ የሆነ የብረት ሽፋን አድርጎ ያስቀራቸዋል። አየሩ ትንሽ ከበዛ ወይም እሳቱ ትንሽ ካለፈ ሥራው ይበላሻል። ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው አቡ አል-ቃሲም የተባለ የካሻን ሰው እ.ኤ.አ. በ1301 የሙያውን አሠራር ጽፎ ስላቆየልን ዛሬ ልናውቀው ችለናል።

የቫራሚን ሸክላዎች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከግድግዳው እየተነቀሉ በዓለም ሙዚየሞች ተበተኑ። ዛሬ አንድ ኮከብ ብቻውን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ስናይ ውበቱ ያስደንቀናል፤ ጉዳቱም ሊሰማን ይገባል። የተቀረጸው ከጎረቤቱ መስቀል ጋር ሊገጥም ነው። በጠርዙ ዙሪያም የቁርኣን አንቀጾች ተጽፈዋል። ብቻውን የቀረ ኮከብ ከዐውዱ እንደወጣ ቃል ነው፤ ይነበባል፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን የለም።

በምዕራቡ የእስልምና ዓለም ሌላ ዘዴ አደገ። የፋስ ባለሙያዎች ዘሊጅ በሚሉት ሥራ፣ ቀለም ተቀብቶ የተተኮሰ ሸክላ በመዶሻ እየተጠረበ በትናንሽ ቅርጾች ይቆራረጣል። ስምንት ጫፍ ያለው ቁራጭ ኻተም ይባላል፤ ማኅተም ማለት ነው። ቁራጮቹ ፊታቸው ወደ መሬት ተደፍቶ ይደረደራሉ፤ ጀርባቸው ላይ ማያያዣ ጭቃ ይፈስበታል። ባለሙያው ሲደረድር ቀለሙን አያይም፤ ንድፉን በአእምሮው ይዞ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1350ዎቹ በተሠራው የፋስ ቡ ዒናኒያ መድረሳ ግድግዳዎች ላይ እንደሚታየው፣ የኮከቡ ጎን መስመር ኮከቡ ሲያልቅ አይቆምም። ወጥቶ የሌላ ቁራጭ ጎን ይሆናል፣ ከዚያም የሌላ። ኮከቡ የንድፉ ዘር ነው፤ ጎኖቹን ማስረዘም ብቻ ሰፊ ግድግዳ የሚሞላ ሥርዓት ያበቅላል።

ከካሬ ወደ ክብ ጣሪያ

ኮከቡ ከሁሉ የከበደውን ሥራ የሠራው ከጣሪያ በታች ነው። ግንበኛ አራት ግድግዳ ሲያቆም ክፍሉ ካሬ ይሆናል። ጉልላት ግን ክብ ነው። ክብ ጉልላት በካሬ ክፍል ላይ ሲቀመጥ አራቱን ግድግዳዎች በመካከላቸው ይነካቸዋል፤ በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ግን ከበታቹ የሚሸከመው የለም።

ወደ መሶቡ እንመለስ። አራት ሰዎች ብቻ ሲቀመጡ የሚሠሩት ቅርጽ ከክቡ ይርቃል፤ ካሬ በዙሪያው ካለው ክብ ስፋት የሚይዘው 64 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። አራት ሲጨመሩና ስምንት ሲሆኑ ወደ 90 በመቶ ይደርሳል። በየመካከሉ ሌላ ሰው ገብቶ 16 ሲሆኑ ከ97 በመቶ ያልፋል። ከካሬ ወደ ክብ ለመሄድ የሚያስፈልገው አንድን ተግባር መድገም ብቻ ነው፦ በየሁለቱ መካከል አንድ ማስገባት።

ግንበኞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በእያንዳንዱ የክፍሉ ማዕዘን ላይ፣ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አግድም የሚሻገር ትንሽ ቅስት ይሠራሉ። አራቱ ማዕዘኖች በቅስት ሲቆረጡ ካሬው ወደ ባለ ስምንት ጎን ይለወጣል፤ ጉልላቱም የሚያርፍበት ያገኛል። ዘዴው ከእስልምና በፊት በሳሳናውያን ኢራን ይታወቅ ነበር፤ የሙስሊም ግንበኞች ወርሰው ወደ ጥበብ አሳደጉት።

በኮርዶባ፣ ኸሊፋ ዳግማዊ አል-ሐከም እ.ኤ.አ. በ960ዎቹ ባስፋፋው የታላቁ መስጊድ ክፍል፣ የስግደት አቅጣጫ ከሚያመለክተው ሚሕራብ ፊት ያለው ጉልላት በስምንት ቅስቶች ይደገፋል። ቅስቶቹ በመካከሉ ነጥብ ላይ አይገናኙም። እየተሻገሩ ሁለት ካሬዎችን ይሠራሉ፤ በመካከላቸውም ስምንት ጎን ያለው ባዶ ይተዋሉ፤ ትንሹ ጉልላት የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ኮከቡን ያያል፤ የሚያየው ኮከብ ክብደት ተሸካሚ ነው። ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ በግራናዳው አልሐምራ የአቤንሴራሄስ አዳራሽ ጣሪያ ይኸው ቅርጽ ተመልሶ መጣ። በዚያ የጉልላቱ ዙሪያ ራሱ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ሆኖ፣ የማር እንጀራ በሚመስሉ የጂፕሰም ቅርጾች ተሞልቶ ወደ ላይ ይወጣል።

ከሁሉ ቀድሞ ግን ኢየሩሳሌም አለች። ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ያሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ691 ወይም 692 የተጠናቀቀው የዓለቱ ጉልላት ባለ ስምንት ጎን ሕንፃ ነው። የሕንፃ ታሪክ ተመራማሪው ክሬስዌል ንድፉን ለክቶ፣ በመካከለኛው ክብ ውስጥ ሁለት ካሬዎች ቢዞሩና ጎኖቻቸው ቢረዝሙ የቀሩት ክፍሎች ቦታ እንደሚገኝ አሳይቷል። በእስልምና ታላላቅ ሕንፃዎች መጀመሪያ ላይ የዞረው ካሬ አለ። በሕንፃው ላይ ተሥሎ አይታይም፤ ሕንፃው የቆመው ግን በእርሱ ሥርዓት ነው።

በቁርኣን ገጽ ላይ

አሁን ወደ ጀመርንበት ምልክት እንሂድ። ቁርኣን ለንባብ እንዲመች በ30 ጁዝእ ይከፈላል። በረመዳን በየሌሊቱ አንድ ጁዝእ የሚቀራበት መስጊድ በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ይጨርሳል። እያንዳንዱ ጁዝእ ሁለት ሒዝብ አለው፤ በጠቅላላው 60። እያንዳንዱ ሒዝብ ደግሞ በአራት ይከፈላል፤ 240 ሩብ ይሆናሉ። ኮከቡ የሩቡን መጀመሪያ ያመለክታል፤ ስሙም ሩብዕ አል-ሒዝብ ነው፤ የሒዝብ ሩብ ማለት ነው። የመዲናው እትም 604 ገጾች ስላሉት አንድ ሩብ ወደ ሁለት ተኩል ገጽ ይሆናል።

እዚህ ላይ የኮከቡ ሥራ ጥቅም ነው። ለአንባቢ «እዚህ ደርሰሃል፤ ብታርፍ ታርፋለህ፣ ብትቀጥል ትቀጥላለህ» ይለዋል። ሩቡ ከሱራ መጀመሪያ ጋር ሲገጥም በመዲናው እትም ኮከቡ አይደረግም፤ የሱራው ርእስ ራሱ በቂ ምልክት ነውና። ቅርጹ ለዚህ ቦታ መመረጡ ይገባል። የሰውም የእንስሳም መልክ የለውም፤ ፊደልም ቁጥርም አይመስልም፤ ስለዚህ ከቃሉ ጋር አይምታታም። በመጠን ቢያንስም ወዲያው ይለያል። በግድግዳ ላይ ለዘመናት የሠራው ቅርጽ በገጹም ላይ ሥራ አገኘ።

የማን ነው?

ኮከቡ የእስልምና ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በጥንቷ ሜሶጶጣምያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት ሺህ ዓመታት፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ኢሽታር የምትባለው አምላክ ምልክት ነበር። የሮማ ዘመን ወለል አንጣፊዎችም የተጠላለፉ ካሬዎችን በጠጠር ሥዕሎቻቸው ይጠቀሙ ነበር። ከቅርጹ ባሕርይ አንጻር ይህ አያስገርምም፤ ክብ የከፈለ ሁሉ ያገኘዋል።

በሙስሊሙም፣ በአይሁዱም፣ በክርስቲያኑም ትውፊት ቅርጹ ከነቢዩ ሱለይማን፣ ከንጉሥ ሰሎሞን ማኅተም ጋር ይያያዛል። ማኅተሙ አንዴ ባለ አምስት፣ አንዴ ባለ ስድስት፣ አንዴ ባለ ስምንት ጫፍ ሆኖ ይሣላል። የሞሮኮ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የሱለይማን ማኅተም ይባላል፤ በፋስ ግድግዳ ያለው ባለ ስምንት ጫፍም በዚሁ ስም ይጠራል። በአገራችንም የብራና ክታቦች ላይ፣ ለፈውስና ለጥበቃ በሚሣሉት ሥዕሎች መካከል፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ጎልቶ ይታያል፤ በመካከሉም ብዙ ጊዜ ፊት ወይም ዓይን ይሣልበታል። ከክታቦቹ ጸሎቶች አንዱ መርበብተ ሰሎሞን ይባላል። ቅርጹና ስሙ በሃይማኖቶች ድንበር ላይ እንደ ጎረቤት ሲመላለሱ ኖረዋል።

ቁርኣንም ሆነ ሐዲስ ይህን ኮከብ የሃይማኖቱ ምልክት አድርገው አልደነገጉም። ምእመናን ግን ስምንት ቁጥርን ከሌላ ቦታ ያውቁታል። በሱረቱል ሐቃ በትንሣኤ ቀን የጌታን ዙፋን ስምንት እንደሚሸከሙት ተነግሯል፤ በሐዲስም የጀነት በሮች ስምንት ናቸው። ኮከቡን አይቶ እነዚህን የሚያስታውስ ሰው ልቡ ትክክለኛ ቦታ አግኝቷል። ቅደም ተከተሉን ግን መጠበቅ አለብን፦ እጅ ቅርጹን አገኘው፣ ሥራ አስፋፋው፣ ልብም ትርጉም አኖረበት።

ሰንደቅ ዓላማና ፎቅ

ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ቅርጹ የአገር ምልክትም ሆነ። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ከጨረቃ ጋር በአዘርባይጃን ሰንደቅ ዓላማ ላይ አለ። በኡዝቤኪስታን ብሔራዊ አርማ ላይ ከአናቱ ተቀምጧል፤ የቱርክመኒስታን አርማ ደግሞ ራሱ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪው ግን በማሌዥያ ዋና ከተማ በኩዋላ ላምፑር የተሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጠናቀቁት የፔትሮናስ መንትያ ፎቆች 452 ሜትር ከፍታና 88 ወለል አላቸው። የሕንፃ ነዳፊው ሴሳር ፔሊ የወለሉን ንድፍ ከሁለት የተደራረቡ፣ የዞሩ ካሬዎች አስነሣ። ችግር ግን ገጠመው። የኮከቡ ጫፎች ወደ ውጭ ሲወጡ በመካከላቸው የሚገቡት ስምንት ስርጉዶች የወለሉን ስፋት ይበላሉ። መፍትሔው በእያንዳንዱ ስርጉድ ውስጥ ከክብ የተቆረጠ ቅስት መጨመር ነበር። ስምንት ጫፍና ስምንት ቅስት ሲደመሩ ዙሪያው 16 ሆነ፤ ፎቁን በዙሪያው የተሸከሙት ትላልቅ ምሰሶዎችም 16 ናቸው። የኮርዶባ ግንበኛ ካሬውን ወደ ክብ ለማስጠጋት በየመካከሉ እንደጨመረ፣ የዘመናችን መሐንዲስም ለቢሮ የሚሆን ስፋት ለማግኘት በየመካከሉ ጨመረ። ኮንክሪቱና ብረቱ አዲስ ነው፤ አሠራሩ ግን ጥንታዊ ነው።

ለዚህ ነው ባለ ስምንት ጫፉን ኮከብ ጌጥ ብቻ አድርጎ ማለፍ ጉዳት የሚሆነው። ጌጥ ተለጥፎ ይነሣል። ይህ ኮከብ ግን ከተነሣ የኮርዶባ ጉልላት ይወድቃል፣ የካሻን ግድግዳ ይበተናል፣ የቁርኣን ተማሪም የዕለት ድርሻውን ወሰን ያጣል። አንድ ሕዝብ ምልክቱ አድርጎ የያዘውን ቅርጽ ለመረዳት ከፈለግን «ምን ማለት ነው?» ከማለታችን በፊት «ምን ይሠራል?» ብለን እንጠይቅ። የዞረው ካሬ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሰፊ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስም ከዚያ ውስጥ ይወጣል።

እስካሁን የተጓዝነው በአራትና በእጥፎቹ ነው፤ ካሬ ወለል መሸፈን ስለሚችል መንገዱ ቀና ነበር። አምስትን የመረጠ ባለሙያስ? ምዕራፍ 5 እንዳሳየን ጎኑም ማዕዘኑም እኩል የሆነ ባለ አምስት ጎን ወለል አይሸፍንም፤ የቱንም ያህል ብናዞረው ክፍተት ይተዋል። የኢራንና የመካከለኛው እስያ ባለሙያዎች ግን ባለ አሥር ጫፍ ኮከቦችን በሰፋፊ ግድግዳዎች ላይ ዘርግተዋል። እንዴት እንደቻሉ የምናየው በምዕራፍ 7 ነው።